ቀናችን በቀኑ ይነገርልን፦ ስለ ዕለታዊው የታሪክ ዝግጅት ከሰሜን ሸዋ የታሪክ መምህራን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሬዲዮ ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ፣ ለዝግጅት ክፍሉ ኃላፊ፣ እንዲሁም ለጠዋቱ የታሪክ ዝግጅት አዘጋጆች፤

የከበረ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

እኛ በሰሜን ሸዋ፣ በከተማም በገጠርም የምናስተምር የታሪክ መምህራን ነን። የደብዳቤውን ሐሳብ በጋራ ተነጋግረንበታል። የጻፍኩት ግን እኔ ነኝና አንዳንድ ቦታ «እኔ» ስል የራሴን ገጠመኝ መናገሬ ነው። የጣቢያችሁን ስም አልጠቀስንም። የምንፈልገው ነገሩ እንዲስተካከል እንጂ ስማችሁ በአደባባይ እንዲነሳ አይደለም። ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ እናንተም ታውቃላችሁ፤ አድማጫችሁም ያውቃል።

ለመጻፍ ያነሳሳን የመስከረሙ ውሳኔያችሁ ነው። ጠዋት ከዜና ቀጥሎ «በዛሬዋ ዕለት» እያላችሁ በአገራችን ታሪክ በዕለቱ የተፈጸመውን የምትነግሩበት አምስት ደቂቃ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አድማጭ እየደወለ «ይህ ልክ ነው፣ ይህ ልክ አይደለም» የሚልበት ሰዓት ነበር። እሱን አጠፋችሁት። እርማት ያለው በጽሑፍ ይላክ ተባለ፤ ሦስት ጊዜ ጽፈን ላክን፤ መልስ የለም። ስንደውል «መረጃውን የምናገኘው ከኢንተርኔት ነው፤ ስህተት ካለበት የእኛ አይደለም» ተባልን። ይህን መልስ መቀበል አልቻልንም። ማይክራፎኑ የእናንተ ነው። ከዚያ የወጣው ቃል ደግሞ በማግስቱ ክፍላችን ውስጥ፣ በተማሪው ደብተር ላይ ተጽፎ ይጠብቀናል።

ያጋጠመንን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ነሐሴ 12።

ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም። እናንተ ግን ባለፈው ክረምት ነሐሴ 11 ጠዋት «በዛሬዋ ዕለት ዳግማዊ ምኒልክ ተወለዱ» አላችሁ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከታሪክ ክበቡ ተማሪዎች ጋር ለማግስቱ ልናዘጋጅ አንጎለላ ነበርኩ። ዝናቡ ሲያባራ አንድ አባት ባናቸውን ደርበው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በጭቃው መጡ። ትንሿን ሬዲዮናቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከብብታቸው ሥር ሸጉጠዋታል። ዙሪያውን አዩና «ልጄ፣ ሰዉ ወዴት ሄደ?» አሉኝ። «አባባ፣ በዓሉ እኮ ነገ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እኔስ ነገ ነበር የማውቀው። የተማሩት ዛሬ ነው ሲሉ ጊዜ እኔ የዘነጋሁ መስሎኝ ነው» አሉ። እዚያው እንዲያድሩ ብንለምናቸውም ከብት የሚያስገባላቸው ሰው አልነበረምና በመጡበት ጭቃ ተመለሱ። በማግስቱ መምጣት አልቻሉም።

እኚህ አባት ቀኑን በትክክል ያውቁት ነበር። የሚያውቁትን ያስጣላቸው የእናንተ ድምፅ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ እንነግራችኋለን፤ ስለምትደጋግሙት ማወቁ ይጠቅማችኋል። ነሐሴ 12 ቀን 1836 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 17 ቀን 1844 ነው። ይህ ትክክል ነው። በእኛ ዘመን ግን ኦገስት 17 የሚውለው ነሐሴ 11 ነው። አውሮፓውያን በየመቶው ዓመት፣ ዓመተ ምሕረታቸው ለ400 ካልተካፈለ በቀር፣ ፌብሩዋሪን በ28 ይዘጋሉ። በ1900 እንዲህ አድርገዋል። እኛ ደግሞ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ማድረጋችንን አናቋርጥም። በመሆኑም ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት አዘቦቱን ሴፕቴምበር 10 ይውል የነበረው መስከረም 1 ከዚያ ወዲህ 11 ላይ ዋለ። ከፈረንጆቹ 1900 በፊት በምኒልክ ዘመን የተፈጸመን ነገር የፈረንጁን ቀን ይዞ በዛሬው ካላንደር ላይ የሚፈልግ ሁሉ በአንድ ቀን ይስታል። የዓድዋ ድልም እንዲሁ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ያን ጊዜ ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። ዓድዋን የካቲት 22 አላላችሁም። የሕዝብ በዓል ስለሆነ አገር ሁሉ ያስታውሳችኋላ። አንጎለላን የሚያስታውሳችሁ ሰው ግን ስልኩ ተዘግቶበታል።

ሁለተኛ፣ ጥቅምት 17።

የሰገሌ ጦርነት የተደረገው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት መስከረም 17፣ በመስቀል ዕለት ከሥልጣን ወረዱ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድ ወደቁ፤ ከዚያ በኋላ ሰገሌ ላይ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና ራስ ተፈሪ ያሉበት የሸዋ ጦር አሸነፈ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ከዚያ ወዲህ የመጣው የዘውዲቱና የተፈሪ ዘመን የዚያ ቀን ውጤት ነው። እናንተ ይህን ቀን «1908 ዓ.ም.» ብላችሁ አነበባችሁ።

ይህም የሒሳብ ስህተት ነው። ከፈረንጆቹ 1916 ላይ 8 ቀንሳችኋል። ልዩነቱ ግን ዓመቱን ሙሉ 8 አይደለም። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ነው፤ ጃንዋሪ ከገባ በኋላ ነው 8 የሚሆነው። ጥቅምት ላይ የሆነን ነገር 8 የቀነሰ ሰው አንድ ዓመት ይስታል። በዚህ ስሌት ከሄድን የጥቅምት 23 ቀን 1923ቱን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥም 1922 ልታደርጉት ነው።

ፈተና ላይ ሰገሌን ጠይቄ ነበር። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ 1908 ብላ ጻፈች። ኤክስ አደረግኩባት። ወረቀቱን ስመልስላቸው ከመቀመጫዋ ሳትነሳ «ቲቸር፣ እኔ ከራሴ አላመጣሁትም፤ እቤት በሬዲዮ ነው የሰማነው፤ አባዬም ሰምቷል» አለችኝ። መጽሐፉን አውጥቼ አሳየኋት፤ አመነች። አባቷ ግን ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው «ሬዲዮው ነው ወይስ እርስዎ ነዎት ልክ?» ብለው ጠየቁኝ። በጨዋ ደንብ ነው የጠየቁኝ፤ ቂምም የለኝም። አንድ አባት የልጁን መምህርና ሬዲዮን ለማመዛዘን መቸገሩ ግን ከሁለት ነጥብ ኤክስ በላይ ከባድ ነው።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሰገሌን በፈረንጁ ኦክቶበር 27 ይዛችሁ በየዓመቱ ካነበባችሁ በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ቀኑም ይስታል። ሉቃስ አልፎ ዮሐንስ ሲገባ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. እንደሆነው ማለት ነው። በዚያ ዓመት ኦክቶበር 27 የዋለው ጥቅምት 16 ነበር። ቀኑን ከመነሻው በእኛ ብትይዙት ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም።

ሦስተኛ፣ የ1929 ሦስቱ አሥራ ሁለቶች።

ይህን በሰፊው ብናነሳው ታገሡን፤ በሰሜን ሸዋ ሐዘኑ ያልወጣ ጉዳይ ነው።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው ደጃዝማች አስፋ ወሰን ካሣ እጃቸውን ለጣሊያን ቢሰጡ እንደማይነኩ ቃል ተገብቶላቸው ከገቡ በኋላ ፍቼ ላይ ተገደሉ። የካቲት 12 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም አዲስ አበባ ላይ በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ ለሦስት ቀን የከተማው ሕዝብ በአካፋና በዶማ ሳይቀር ተጨፈጨፈ፤ ቤቱ ከነሰው ተቃጠለ። ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከሁለቱ ወጣቶች ጋር ተባብረዋል ብሎ ጄኔራል ማሌቲን ላከባቸው። ግንቦት 12፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በዓል ሲከበር፣ መነኮሳቱና ለበዓሉ የመጡት ምእመናን በወታደር ተከበቡ። በማግስቱ ላጋ ወልዴ በተባለው ቦታ ተረሸኑ። ከገዳሙ የተወሰዱት ወጣት ዲያቆናት ደግሞ ከቀናት በኋላ ደብረ ብርሃን አጠገብ እንገጫ ላይ ተገደሉ።

እነዚህን ቀኖች በእናንተ ዝርዝር ውስጥ እንዳሉት ዲሴምበር 21፣ ፌብሩዋሪ 19፣ ሜይ 20 ብላችሁ ብትደረድሯቸው አንዱ ከሌላው ጋር የሚያያዝበት ነገር የለም። በእኛ ስትቆጥሯቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስቱም አሥራ ሁለት ናቸው። አሥራ ሁለት ደግሞ የሚካኤል ዕለት ነው፤ ግንቦት ላይ ሲሆን የተክልዬም ነው። የአገራችን ሰው ቀንን የሚይዘው እንዲህ ነው። አንድ የክበባችን ተማሪ የአያቱን እኅት በስልኩ ቀርጾ አምጥቶልናል። አራት ደቂቃ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሲጠይቃቸው «ቁጥሩን አላውቅም ልጄ፤ የተክልዬ ዕለት ነው» ይላሉ። ቀጥለው «አጎቴ ዲያቆን ነበር። ለተክልዬ ሊያገለግል ሄዶ በዚያው ቀረ። እናቴ እስክትሞት ድረስ በዚያ ቀን እሳት አታነድም ነበር፤ ያደረ ቂጣ ነው የምንበላው» ይላሉ። ከጀርባቸው ዶሮ ይጮሃል፤ ልጁ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጠፍቶት ዝም ብሏል። ያቺ እናት ቀኑን በካላንደር ሳይሆን በምድጃዋ ነው የያዘችው። ሌላ ቦታ ያለ ዝርዝር ይህን ሊሰጣችሁ አይችልም።

ባለፈው ግንቦት የነበረው ዝግጅታችሁ ደብረ ሊባኖስን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቀሰና «449 ሰዎች ተገደሉ» ብሎ አለፈ። 449 የማን ቁጥር እንደሆነ አልተናገራችሁም። ራሱ ግራዚያኒ ወደ ሮም ባስተላለፋቸው ቴሌግራሞች ውስጥ ያለው ነው፦ 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች፣ በኋላም 129 ዲያቆናት። የገዳዩ ቆጠራ ነው ማለት ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ በቦታው ዞረው፣ በሕይወት የተረፉትን ጠይቀው ያጠኑ ተመራማሪዎች የሟቾችን ቁጥር ከ1,423 እስከ 2,033 ያደርሱታል። ሁለቱንም ቁጥር፣ የማን እንደሆነ እየጠቀሱ መናገር ይቻል ነበር። የወራሪውን ቁጥር ብቻ፣ የማን እንደሆነ ሳይናገሩ፣ በእኛው አየር ሞገድ፣ በእኛው ቋንቋ እንደ እውነት መንገር ግን ሟቾቹን ሁለተኛ ጊዜ ማሳነስ ነው። እንገጫን ደግሞ ስሙንም አላነሳችሁትም። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የእናንተን ጣቢያ የሚሰማ ልጅ፣ በራሱ ከተማ ዳር የሆነውን ሳይሰማ አደገ ማለት ነው።

አራተኛ፣ ከነጭራሹ የተዘለሉ ቀኖች።

በሚያዝያ 1931 መጀመሪያ ቀናት መንዝ ውስጥ ዘረት ላይ የሆነው በዝግጅታችሁ ተነስቶ አያውቅም። በተሾመ ሽንቁጥ የሚመሩ አርበኞች ከነቤተሰባቸው፣ ሴቱም ሕፃኑም፣ የአካባቢው ሰው አመጸኛ ዋሻ በሚለው ዋሻ ውስጥ ተጠልለው ሳለ የጣሊያን ጦር ከበባቸው። በመሣሪያ ማስወጣት ሲያቅተው መርዝ ጋዝ ላከባቸው። ከዋሻው የወጡትን በብዛት ረሸናቸው። ነገሩ በአገሬው ዘንድ የታወቀ ቢሆንም ከመንዝ ውጭ ሳይወራ ብዙ ዘመን ቆየ። ሰነዱን ያገኘው ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ ነው፤ የራሱ አገር ጦር የጻፈውን ወረቀት ተከትሎ እስከ ዋሻው ድረስ መጣ። ከጣሊያን ድረስ ሰው የመጣበት ዋሻ የእኛው ሬዲዮ አምስት ደቂቃ አጣለት። ይህን ስጽፍ እልህ ይይዘኛል፤ አልደብቃችሁም።

ሚያዝያ 27ን ታነሳላችሁ። ስታነሱት ግን ግማሹን ነው። ሚያዝያ 27 ሁለት ጊዜ ነው የሆነው፦ በ1928 የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ አዲስ አበባ የገባበት፣ በ1933 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱበት። የመመለሻው ቀን ከዚያ መራራ ቀን ጋር መግጠሙ ነው በዓሉን በዓል ያደረገው። የመጀመሪያውን ካልነገራችሁ ሁለተኛው ምን እንደሆነ ሰሚው አይገባውም። በደርግ ዘመን ደግሞ የድል በዓሉ መጋቢት 28 ይከበር ነበር፤ አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችበት ቀን ነው። በዚያ ዘመን የተማሩ ወላጆች መጋቢት 28 ሲሉ ልጆቻቸው ሚያዝያ 27 እያሉ ይከራከራሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለት ደቂቃ ብትሰጡት ኖሮ በየቤቱ ያለውን ክርክር ታበርዱት ነበር።

ባዶሊዮ አዲስ አበባ የገባበት መንገድም በእኛው ደጅ ነው ያለፈው። የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነስቶ በመኪና ሲመጣ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ጠበቀውና እስኪጠገን ቆመ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 በባቡር ከወጡ በኋላ፣ ሚያዝያ 26፣ አዲስ አበባ ሊያዝ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ልጅ ኃይለ ማርያም ማሞ ጫጫ አካባቢ በዚያ ጦር ላይ አደጋ ጣለ። መንግሥት አልነበረም፤ ትእዛዝ የሚሰጥም አልነበረም። በዚያ ቀን የጀመረውን ትግል በ1930 እስኪወድቅ ድረስ አልተወውም። ጫጫ ዛሬ አውቶቡስ ሻይ ለመጠጣት የሚቆምባት ከተማ ናት። መንገደኛው ወርዶ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። በሚያዝያ 26 ጠዋት በአውቶቡሱ ሬዲዮ ይህን ቢሰማ ቀና ብሎ መስኮቱን ባየ ነበር።

አምስተኛ፣ የላክንላችሁ ጽሑፍ።

የሦስት ትምህርት ቤቶች የታሪክ ክበብ ተማሪዎች ሁለት ክረምት ሙሉ ደክመው በወረዳዎቻችን የሆኑ ነገሮችን ቀን በቀን አሰባስበዋል። ቀኑን በእኛ፣ በቅንፍ በፈረንጆች፣ ምንጩን ከሥር እየጻፉ ነው ያዘጋጁት። በወረቀትም በፍላሽም አድርገን ቢሯችሁ ድረስ ሁለት ተማሪዎች ይዘው መጡ። ጥበቃው ላይ ተቀብለዋቸዋል። መቀበላችሁን እንኳ የሚገልጽ ቃል እስካሁን አልደረሰንም፤ ፍላሹም አልተመለሰም። ተማሪዎቹ ለብዙ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ከሰልፍ በፊት በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበው «ዛሬ የእኛን ያነቡት ይሆናል» እያሉ ሲሰሙ አይቻቸዋለሁ። አሁን ትተውታል።

እንግዲህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የነሐሴ 12፣ የሰገሌና የደብረ ሊባኖስ ስህተቶች በዚያው በጠዋቱ ሰዓት፣ በዚያው በዝግጅቱ ውስጥ ይታረሙ። በድረ ገጽ ወይም በሌሊት ዜና ላይ የሚወጣ እርማት ጠዋት የሰማውን ሰው አያገኘውም። «ተሳስተናል» የምትለዋ ቃልም ትኑርበት፤ ለዚያች ተማሪና ለእኚያ አባት ስንል ነው።

የዝግጅቱ መሠረት የእኛ ካላንደር ይሁን። ድርጊቱ ሲፈጸም የዋለበት ወርና ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተረጋግጦ ይያዝ፤ የፈረንጁ ለሚፈልገው ሰው ከጎን ይነገር። ቀኖቹን የማጣራቱን ሥራ በነፃ እንሠራላችኋለን። በሳምንት አንድ ጊዜ የሳምንቱን ዝርዝር በቴሌግራም ብትልኩልን በማግስቱ አርመን እንመልሳለን። በየወረዳው ይህን ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ መምህር አለ፤ ተነጋግረንበታል።

የሟች ቁጥር በሚነገርበት ጊዜ ሁሉ የማን ቆጠራ እንደሆነ ይጠቀስ።

የቅዳሜው የአድማጭ እርማት ሰዓት ይመለስ። ግማሽ ሰዓት ባይሆን አሥር ደቂቃም ይበቃል።

በሚያዝያ መጀመሪያ ለዘረት፣ ሚያዝያ 26 ለጫጫ፣ በግንቦት ለደብረ ሊባኖስና ለእንገጫ፣ ጥቅምት 17 ለሰገሌ፣ ነሐሴ 12 ለአንጎለላ ከቦታው የተቀረጸ ዝግጅት ይሠራ። መቅረጫ ይዞ የሚመጣ አንድ ጋዜጠኛ ብቻ መድቡልን፤ መንገዱን የምናሳይ፣ ከአባቶችና ከእናቶች ጋር የምናገናኝ እኛ ነን። ይህን ለሚቀጥለው ዓመት አታቆዩት። በስልክ የተቀረጹት እናት ባለፈው ጾም ማብቂያ ላይ አርፈዋል፤ ድምፃቸው ያለው በአንድ ተማሪ ስልክ ላይ ብቻ ነው።

የተማሪዎቹ ጽሑፍ ከቢሯችሁ ተፈልጎ ይገኝ። የሚሆን ነገር ካለው ይነበብ፤ ከሌለውም ይህን ጠቅሳችሁ ከነፍላሹ መልሱላቸው።

መልሳችሁን እስከ መጪው ጥቅምት 17 እንጠብቃለን። እስከዚያ ድረስ ለመነጋገር በጠራችሁን ቀን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በሰሜን ሸዋ የሚያስተምሩ የታሪክ መምህራንና የትምህርት ቤት የታሪክ ክበባት አስተባባሪዎች፤

በስማቸው የጻፈው፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ግልባጭ፦
ለዝግጅቱ አድማጮች
ለክበባቱ ተማሪዎች